የዐጸዱ ምድር ልብስ
በደረቅና ጥላማ ቦታ ስለሚተከል አትክልት፤ በበዓለ ኢዮቤልዩ ለካህናትና ለምእመናን የተደረገ ንግግር



ቤተ ክርስቲያን በዓለ ኢዮቤልዩ ስታከብር ልጆችዋ ስጦታ ማቅረብ ልማዳቸው ነው። አንዱ መጋረጃ ያመጣል፤ አንዱ ምንጣፍ፤ አንዱም ለጣሪያው ቆርቆሮ ይገዛል። ይህ ሁሉ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን መጋረጃውና ምንጣፉ ለቤቱ ውስጥ ናቸው። ቤቱን ከብቦ ስላለው ምድር፣ ይኸውም ከጽዱና ከወይራው ሥር ስለሚገኘው ራቁት መሬት የሚያስብ ሰው እምብዛም አይገኝም። የዛሬው ንግግር ስለዚያ መሬት ነው። ጥላ በበዛበትና ውኃ ባነሰበት ዐጸድ ምድሩን ምን ዓይነት አትክልት ቢያለብሱት ያለ ብዙ ድካም ይኖራል የሚለውን ይመረምራል።

ይህ ጉዳይ ከበዓሉ ጋራ የማይገናኝ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ኢዮቤልዩ የሚለው ስም ከወዴት እንደ መጣ ያስብ። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተደነገገው ኢዮቤልዩ 50ኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ባሪያው ነጻ ይወጣ፣ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ዘንድ ታዝዞ ነበር። ምድሪቱም ሳትታረስና ሳትዘራ ታርፍ ዘንድ ታዝዞላት ነበር። እንግዲህ ከኢዮቤልዩ ዕረፍት የምድር ድርሻ አለበት። በየዐጸዱ ያለው መሬት ግን ከሰው እግርና ከከብት ኮቴ፣ ከመጥረጊያም ያረፈበትን ዓመት የሚያስታውስ ሽማግሌ አይገኝም።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ በ2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ዳባትም ወደ ጐንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ጥቂት ዝቅ ብላ ትገኛለች። በዚህ በስሜን ግርጌ ባለው አገር ዝናም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀኑ ፀሓይ፣ ሌሊቱ ብርድ ይሆናል። እስከ ግንቦትም ድረስ ምድር የምታገኘው ዝናም ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የሚተከል ማናቸውም ነገር በአራት ወር የጠጣውን ይዞ ስምንት ወር ለመቆየት የሚችል መሆን አለበት።

ብዙ ሰው ጥላ ባለበት ሁሉ እርጥበት አለ ብሎ ያስባል። ለወንዝ ዳር ጥላ ይህ እውነት ነው። ካረጀ ጽድ ሥር ያለው ጥላ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ዝናም ሲዘንም የዛፉ ቅጠልና ቅርንጫፍ ከውኃው ብዙውን ይቀበለዋል፤ ከዚያም ከፊሉ መሬት ሳይነካ ወደ አየር ይመለሳል። መሬት የደረሰውን ደግሞ የዛፉ ሥር ይሻማዋል፤ ትልቅ ዛፍ ሥሩን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፎ ይዘረጋልና። በሌላ አገር ያሉ ብዙ ዛፎች በክረምታቸው ቅጠላቸውን አራግፈው ለሥራቸው ምድር ብርሃን ይሰጣሉ። ጽድና ወይራ ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ስለሆኑ ጥላቸው አይነሣም። በዚህ ላይ በበዓል ቀን ሕዝቡ ከጥላው ሥር ይቆማል፤ በቅሎና አህያም ይታሰርበታል። መሬቱ ተረግጦ እንደ ዐውድማ ይጠጥራል። የጠጠረ መሬት ውኃ አያሰርግም፤ ከላይ የመጣው ጐርፍ አፈሩን እየላሰ ይሄዳል። በብዙ ደብር የአሮጌው ዛፍ ሥር ከመሬት በላይ ወጥቶ እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማቱ ተገትሮ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሥሩ ወደ ላይ አላደገም፤ ከላዩ የነበረው አፈር ነው የተወሰደው።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር ሊነገር ይገባል። ከቅዳሴ በፊት ዐጸዱን መጥረግ የቆየና የከበረ አገልግሎት ነው። በረከት ለማግኘት ሌሊት ተነሥተው ቅጠሉን አንድ ሳያስቀሩ የሚጠርጉ እናቶች አሉ። ከወደቀ ቅጠል የጸዳ ግቢ ለቤተ እግዚአብሔር የሚሰጥ ክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ቅጠል የተከመረበት ግቢም ባለቤት ያጣ ይመስላል። ይህን አገልግሎት የሚነቅፍ ሰው የእናቶችን ድካም ያቃለለ ይሆናል። ነገር ግን ከዛፍ ሥር ያለው ቅጠል ቆሻሻ አይደለም። የወደቀው ቅጠል የዝናሙን ጠብታ ጕልበት ይሰብራል፤ ውኃውን ቀስ ብሎ ወደ መሬት ያሰርጋል፤ ፀሓይና ነፋስ እርጥበቱን እንዳይወስዱ ይሸፍናል፤ ኋላም በስብሶ ራሱ አፈር ይሆናል። ዛፉ በየዓመቱ የሚያወርደው ቅጠል ለራሱ የሚያዘጋጀው ማዳበሪያ ነው። ያን በየቀኑ ጠርጎ ማቃጠል ዛፉን ከምግቡ እንደ መለየት ያህል ነው።

ስለዚህ መጥረጊያው ድንበር ቢበጅለት ሁለቱም ነገር ይጠበቃል። ዐውደ ምሕረቱ፣ መግቢያው መንገድ፣ ሕዝቡ የሚሰግድበትና የሚቆምበት ቦታ፣ የደጀ ሰላሙም ደጅ ዘወትር ይጠረግ። ከዛፎቹ ሥር ያለው መሬት ግን በድንጋይ ተከልሎ መጥረጊያ አይግባበት። ከመንገዱ የተጠረገውም ቅጠል በእሳት አይቃጠል፤ ወደዚያ ወደ ተከለለው ስፍራ ይወሰድ። እንዲህ ከሆነ የእናቶች ድካም እጥፍ ፍሬ ይሰጣል፤ መንገዱን ያጸዳል፤ ዛፉንም ይመግባል።

ይህ እንዲያው የተገመተ አሳብ አይደለም። የቤተ ክርስቲያንን ደን በማጥናት የታወቁት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጐንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል። በ2007 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጽሑፍና ከዚያም በኋላ ባወጡት ሥራ፣ ከብት በማይገባበት አጥር ውስጥ የበቀለው የዛፍ ቡቃያ ካልታጠረው ይልቅ እንደሚበዛና እንደሚተርፍ አሳይተዋል። ከአሜሪካዊቱ ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋራ ሆነውም ከእርሻው የተለቀመውን ድንጋይ በየደኑ ዙሪያ እንደ ቅጥር መካብ እንዲስፋፋ ረድተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምድሩን ማሳረፍ ነው፤ መትከል ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የኢዮቤልዩውም ትርጕም በዚህ ይፈጸማል። ከዛፎቹ ሥር ያለው ቦታ በድንጋይ ተከልሎ አንድ ክረምት ያለ ኮቴና ያለ መጥረጊያ ይቆይ። በዚያ ክረምት ራሱ የሚበቅለው ነገር ምን እንደ ሆነ አንድ ሰው፣ ቢቻል ከአብነት ተማሪዎች አንዱ፣ በየሳምንቱ ይመልከት። በመስከረም የለመለመውን ብቻ ሳይሆን በመጋቢት ያልሞተውን ይመዝግብ። ምድሩ ምን ሊያኖር እንደሚችል ከማንም መጽሐፍ ይልቅ ይህ መዝገብ ይናገራል። ኋላ የሚተከለው ነገር በራሱ የበቀለውን የሚያግዝና የጎደለውን የሚሞላ እንጂ የሚተካው መሆን የለበትም።

ዐጸዱን ለማስዋብ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው አሳብ ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ መሬቱን ሁሉ በሲሚንቶ ይለስን ይላል። ሲሚንቶ ግን ለዛፉ ሥር ውኃና አየር ይከለክላል፤ ጐርፉንም ሰብስቦ ወደ ጐረቤት እርሻ ይሰድዳል። ሌላው ደግሞ በከተማ ሆቴሎች ደጅ እንደሚታየው ያለ ሣርና አበባ ይተከል ይላል። ይህን የሚል ሰው ውኃውን ማን እንደሚቀዳው አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱም 10 ሜትር የሆነ መደብ በበጋ በቀን የ3 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ብቻ ቢሻ፣ ድምሩ 300 ሊትር ይሆናል። ይህም እያንዳንዱ 20 ሊትር የሚይዝ 15 ጀሪካን ማለት ነው። ያን በየቀኑ ከምንጭ የሚያመጣው ከኮቾሮው ጋራ ቅኔውን የሚቈጥረው ተማሪ ነው፤ ወይም ለቤትዋ ውኃ ቀድታ የደከመች ሴት ናት። ከሁለት ወር በኋላ ቀጂው ይሰለቻል፤ ሣሩም ይደርቃል፤ ለመትከያው የወጣው የምእመናን ገንዘብ ከንቱ ይሆናል። በዚህ አገር ጥሩ አትክልት የሚባለው በሚያዝያ ወር ማንንም ውኃ የማያስቀዳ ነው።

ስለዚህ ለጥላማና ደረቅ ቦታ አትክልት የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፣ ተክሉ በዚሁ ወረዳ በራሱ ሲበቅል የሚታየው በዛፍ ሥር ነው ወይስ በፀሓይ ሜዳ? ሁለተኛ፣ በጋውን የሚያልፈው በምን ዘዴ ነው? ውኃ በቅጠሉ አጠራቅሞ ነው፣ ሥሩን አጥልቆ ነው፣ ወይስ ከላይ ደርቆ ከሥር በመተኛት? ሦስተኛ፣ አንዴ ከበቀለ በኋላ ወሰኑን ይጠብቃል ወይስ ሌላውን ሁሉ ይውጣል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያለፈ ተክል ብዙ ጠባቂ አይሻም።

ሰርዶ በዚህ ምርመራ የሚወድቀው በመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሰርዶ ድርቅንም እርግጫንም የሚችል ብርቱ ሣር ስለሆነ በዐጸድ ሁሉ ሊያለብሱት ይሞክራሉ፤ ነገር ግን ብርሃን ወዳድ ነው። ከጥላ በገባ ቍጥር ይሳሳል፤ ኋላም ይጠፋል። ቦታው ፀሓይ የሚያገኘው ሜዳና የመንገዱ ዳር ነው። ቄጤማም እንደዚሁ አይሆንም። በበዓል ቀን ለጕዝጓዝ የምትወደድ ብትሆንም ልማድዋ ረግረግና የምንጭ ዳር ነውና፣ በጽድ ሥር የሚተክላት ሰው ዓሣን በዐውድማ እንደሚያረባ ሰው ይሆናል።

አሁን ለየቦታው የሚስማማውን በተራ እንመልከት።

ከግንዱ አጠገብ፣ በሁለት ክንድ ያህል ዙሪያ፣ ምንም አይተከል። የዚያ ስፍራ ልብስ ቅጠሉ ነው። አራት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ቅጠል ይበቃዋል፤ ከግንዱ ጋራ ተደግፎ ግን አይከመር፤ ልጡን ያበሰብሰዋልና።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው፣ ጥላው ጥቂት ሳሳ ባለበትና የጧት ፀሓይ በሚገባበት ስፍራ፣ እንዳሁላ ይስማማል። እንዳሁላ ወፍራምና ውኃ የቋጠረ ቅጠል ያለው፣ በየቅጥሩና በየድንጋዩ ሥር የሚበቅል፣ ለመድኃኒትም የሚታወቅ ተክል ነው። በክረምት የጠጣውን በቅጠሉ ይዞ በጋውን ያልፋል። ወገኑ ለከብት መርዝነት ስላለው ሊጠነቀቁት ይገባል፤ ከብት በማይገባበት ክልል ውስጥ ግን ጕዳት የለውም። የሚባዛው በቅርንጫፉ ነው። የተቈረጠው ቅርንጫፍ ሁለትና ሦስት ቀን በጥላ ተቀምጦ ቍስሉ ከደረቀ በኋላ ቢተከል ሳይበሰብስ ሥር ያወጣል።

በዚሁ ስፍራ በመሬት ላይ እየተሳበች የምትሄድ፣ ቅጠልዋ ትንሽና ክብ የሆነች አረንጓዴ ሣር መሰል ተክል በብዙ ዐጸድ በራስዋ ትገኛለች። ብዙ ሰው ከመናቁ የተነሣ አያያትም። እርስዋ ግን ከመሬት ከአንድ ጣት እምብዛም ስለማትበልጥ አጫጅ አትሻም፤ ቀላል እርግጫም ትችላለች። በጋው ሲበረታ ትሳሳለች፤ የመጀመሪያው ዝናም ሲወርድ ደግሞ ከየአንጓዋ ተነሥታ ምድሩን ታለብሳለች። እንዲህ ያለችውን ያገኘ ደብር ሌላ ፍለጋ አይሂድ፤ ከበዛችበት ላይ በአካፋ ስንዝር ስንዝር እያነሣ ወደ ራቁቱ ስፍራ ያሻግራት።

ዋጅማ የምትባለው ባለ ሦስት ቅጠል የመስክ ተክል ለጥላው ዳርቻ መልካም ናት። በሥርዋ ከአየር የምትወስደውን ምግብ ለመሬቱ ስለምትተው የደከመውን አፈር ታበረታለች። ብዙው የዋጅማ ዓይነት ክረምት አልፎ ፍሬውን ሲያራግፍ ይደርቃል። ይህም እንደ ሞት አይቈጠርበት። ዘሩ መሬት ውስጥ ሆኖ የሚመጣውን ሰኔ ይጠብቃል፤ የደረቀውም አገዳ አፈሩን ይሸፍናል።

ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በሚንጠባጠብበትና ጥላ በማይለየው ስፍራ እንሶስላ ሊተከል ይቻላል። ይህ ሴቶች ሥሩን ቀጥቅጠው እጃቸውንና እግራቸውን የሚያቀሉበት ተክል ነው። እርጥበት የሚሻ ቢሆንም በጋ ሲመጣ ከላይ ደርቆ ወፍራም ሥሩ ከመሬት በታች ይተኛል። ስለዚህ ክረምት ብቻ ውኃ በሚያገኝ ስፍራም ይኖራል። አበባው ነጭና ያማረ ነው።

ጥላው አልቆ ፀሓይ በሚጀምርበት ዳርቻ፣ በድንጋዩ ካብና በደረጃው መካከል፣ ጦስኝ ይተከል። ጦስኝ የስሜን ልጅ ነው፤ ብርድን፣ ድንጋያማ መሬትንና ድርቅን ለምዷል፤ በእግር ሲነካም መዓዛውን ይሰጣል። ከጥልቅ ጥላ ግን አይኖርም፤ ቢያንስ የግማሽ ቀን ፀሓይ ይሻል። አበባው ንብን ይመግባል፤ ከንብም ሰም ይገኛል፤ ሰሙም ጧፍ ይሆናል። እንግዲህ በዐጸዱ ዳር የተተከለ ጦስኝ እስከ ቅኔ ማሕሌቱ ድረስ አገልግሎት አለው። በዚሁ ዳርቻ ይበልጥ ደረቅ በሆነው ስፍራ እሬት ይስማማል።

በቅጥሩ ሥር ደግሞ ቀጋና ሰሪቲ ይተከሉ። ሰሪቲ በአንዳንድ ስፍራ የሴት ቀስት የሚሉት፣ ቅጠሉ የረቀቀና እሾህ ያለው ተክል ነው፤ ድርቅን በሚገባ ይችላል። ቀጋም በደጋው የለመደ ነው። ሁለቱ በድንጋዩ ካብ ላይ ሲጠላለፉ ፍየል የማትደፍረው አጥር ይሆናሉ። አጥሩም ለተተከለው ሁሉ የመጀመሪያ ጠባቂ ነው።

የማይተከለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የወፍ ቆሎ የሚባለው አበባው ያማረ እሾሃም ቍጥቋጦ ከውጭ የመጣ ነው፤ ወፍ ፍሬውን እየበላች ትዘራዋለች፤ በብዙ የኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋም የግጦሹን መሬት ወርሯል። በሌላው ዓለም የደረሰውም ትምህርት ይሁን። በኤውሮጳ በጥላ ሥር ምድሩን የሚያለብስ አይቪ የሚባል ሐረግ አለ። ይህን ሐረግ ስደተኞች ውበቱን ወድደው ወደ አሜሪካ ወሰዱት፤ ዛሬ በዚያ ደን ውስጥ ምድሩን ሁሉ ሸፍኖ ቡቃያውን ያፍናል፤ ዛፍ ላይም ይወጣል። የኦሬጎን ግዛት በ2010 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ሽያጩን ከለከለ። በአገሩ መልካም የነበረ ተክል በሰው አገር ክፉ ጐረቤት ሊሆን ይችላል።

ስለ ባሕር ዛፍም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ለማገዶና ለቤት ሥራ ያደረገው እርዳታ አይካድም። ነገር ግን ውኃን አጥብቆ የሚሻማ ከመሆኑም በላይ ከሥሩ ሌላ ነገር እንዲበቅል እምብዛም አይፈቅድም። በባሕር ዛፍ ሥር የምድር ልብስ ለመትከል መድከም ከንቱ ነው። ደብሩ ባሕር ዛፍ የሚያስፈልገው ከሆነ ከዐጸዱ ውጭ ለብቻው ይተከል፤ በአሮጌዎቹ ጽዶች መካከል ግን አይግባ።

የመትከያው ጊዜ ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ፣ መሬቱ በሚገባ ከራሰ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የተተከለው እስከ ዘመነ ጽጌ፣ ይኸውም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ፣ ሥሩን ለመስደድ ዕድሜ ያገኛል። ዘመነ ጽጌ ምድር በአበባ የምታጌጥበት ጊዜ ስለሆነ ሥራው ያማረ ይመስላል፤ እውነተኛው ፈተና ግን በዐቢይ ጾም ነው። ዐቢይ ጾም በበጋው ጥናት ላይ ይውላልና፣ በሆሣዕና ሰሞን በሕይወት የተገኘ ተክል ጸደቀ ለማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት የሞተ ቢኖር አያሳዝን፤ የሞተውን ዓይነት መልሶ ከመትከል ይልቅ የተረፈውን ማባዛት ይሻላል።

ሲተከልም መሬቱ በዶማ አይገለበጥ። የዛፉ ቀጭን ሥሮች፣ ውኃና ምግብ የሚስቡት፣ የሚበዙት ከመሬት ገጽ አጠገብ ነውና፣ መገልበጥ እነዚያን ይቈርጣል። በሥሮቹ መካከል በመኰትኰቻ ስንዝር ያህል ጠባብ ጕድጓድ ተቈፍሮ፣ እፍኝ የበሰበሰ ፍግ ወይም የቅጠል አፈር ተጨምሮበት፣ ተክሉ በዚያ ይግባ። በአንዱና በአንዱ መካከል ከአንድ እስከ ሁለት ስንዝር ይራቅ። ከጥቂት ቦታ መጀመርም ይሻላል። በአንድ ዛፍ ሥር የተሳካለት ደብር በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሁሉን በአንድ ቀን የጀመረ ግን ሁሉን በአንድ በጋ ሊያጣ ይችላል። ሕዝቡ በልማድ የሚያቋርጥበት መንገድ ካለ አይታጠር፤ በዚያ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ። ሰው ለዘመናት የሄደበትን መንገድ አትክልት አያስለውጠውም።

ተክሉ የሚገኝበት ስፍራ ሩቅ አይደለም። ከየምእመናኑ ቅጥር፣ ከየእርሻው ድንበር፣ ከጐረቤት ደብር በልመና ይገኛል። ነገር ግን ጦስኙ ከነሥሩ ተነቅሎ ተራራው እንዳይራቈት፣ ከጐኑ ሥር ያበቀለውን ጥቂት ብቻ መውሰድ ይገባል። በ1969 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ከተቋቋመውና በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ግን ምንም አይነቀል። ዐጸድን ለማልበስ ሌላውን ምድር መግፈፍ በረከት የለውም።

በእግር የሚረገጠው የስሜን ቅጠል በሩቅ አገር የከበረ እንደ ነበር ማስታወስም መልካም ነው። ዊልሄልም ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ በ1837 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በደጃዝማች ውቤ ዘመን በትግሬና በስሜን ተራሮች እየዞረ ዕፀዋትን አደረቀ፤ ወደ ኤውሮጳም ሰደደ። በ1878 በዓድዋ እስኪሞት ድረስ አርባ ዓመት ያህል በዚህ አገር ኖረ። ዛሬም ሊቃውንት ጦስኝን የሚጠሩበት የላቲን ስም የሺምፐርን ስም ይዟል፤ የሰንሰልም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ዕድሜውን ሰጥቶ የለቀመውን ነገር ባለ አገሩ ንቆ፣ ከከተማ በገንዘብ የተገዛ አበባ በዐጸዱ ቢተክል የሚያሳዝን ይሆናል።

በመጨረሻም ይህ ሁሉ ድካም ለቅጠሉ ውበት ብቻ አይደለም። በዐጸዱ ያሉት ጽዶችና ወይራዎች አርጅተዋል፤ ከሥራቸው ግን የሚተካቸው ልጅ አይታይም። ፍሬው በየዓመቱ ይወድቃል፤ የወደቀበት መሬት ግን የጠጠረ ነው፤ የበቀለውንም ፍየል ትቀነጥበዋለች፤ ከፍየል የተረፈውን መጥረጊያ ይወስደዋል። ምድሩ ሲለብስ አፈሩ ይለሰልሳል፤ እርጥበት ይይዛል፤ የወይራውም ቡቃያ መጠጊያ ያገኛል። ጽዱ ከወይራው ይልቅ ብርሃን ስለሚሻ ቡቃያው የሚጠበቀው በጥላው ዳርቻ ነው። ቡቃያ በታየበት ሁሉ አንድ ክንድ ያህል ዙሪያው ይገለጥለት፤ ልብሱ ሕፃኑን እንዳያፍነው። ምልክት የሚሆን ድንጋይም ይቀመጥለት።

ዛሬ በዓሉን የሚያከብሩ ምእመናን ከጥላው ሥር የቆሙት እነርሱ ያልተከሉትን ዛፍ ተጠግተው ነው። የተከሉት አባቶች ስማቸው እንኳ ከብዙዎቹ ጠፍቷል። የሚቀጥለው 50ኛ ዓመት ሲደርስ በዚህ ስፍራ የሚቆሙት ልጆች ጥላ ያገኙ እንደ ሆነ፣ የሚያገኙት በዚህ በመጪው ክረምት መጥረጊያውን ከከለከሉት፣ በቅሎውን ከውጭ ካሰሩትና ከአንድ ዛፍ ሥር ጥቂት እንዳሁላ ከተከሉት ሰዎች የተነሣ ይሆናል።

አዳምን በገነት ያኖረው፣ ያለማትና ይጠብቃትም ዘንድ ያዘዘው እግዚአብሔር፣ የዚህን ዐጸድ ምድር ያለብስ ዘንድ፣ የጠባቂዎቹንም ድካም ይባርክ ዘንድ ፈቃዱ ይሁን። አሜን።